ከጣሪያ እስከ ጁክስኬይ፦ የዝናብ ውሃና የጆሃንስበርግ የቤት ባለቤት

በጆሃንስበርግ የዝናብ ውሃ ባለቤት አለው። ጣሪያ ላይ ያረፈው፣ በግቢ ንጣፍ ላይ የሚንደረደረው፣ ለግንባታ ከተቆፈረ አፈር ላይ የሚወርደው ሁሉ ጉዳት ሳያደርስ ከግቢው እስኪወጣ ድረስ ተጠያቂው የቤቱ ባለቤት ነው። ድንጋጌው የሚመነጨው በ1977 ከወጣው የሕንፃ ደንቦችና ደረጃዎች አዋጅ ቁጥር 103 ሲሆን፣ ዝርዝሩ ሳንስ 10400 በሚባለው ብሔራዊ መመዘኛ «አር» ክፍል ውስጥ ሰፍሯል። የከተማው አስተዳደር ደግሞ የራሱ የዝናብ ውሃ ደንብ አለው። በየይዞታው የባለቤትነት ሰነድ ላይ የተጻፉ ግዴታዎችም አሉ። ከሁሉም ሥር ጎረቤታሞችን የሚዳኝ፣ ደቡብ አፍሪካ ከሮምና ከሆላንድ የወረሰችው የቆየ ሕግ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ጉዳይ ጀፕ በሚባለው የኢትዮጵያውያን የንግድ ሰፈር ሱቅ ከፍቶ ዓመታት ከሠራ በኋላ በከተማዋ ቤት ለገዛ ኢትዮጵያዊ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። የጀፕ መንገድ በ2014 ራሂማ ሙሳ ተብሎ ተሰይሟል፤ ስሙን ያገኘው በ1956 ሴቶች ወደ ፕሪቶሪያ ያደረጉትን ታላቅ ሰልፍ ከመሩት አንዷ ከሆነችው ታጋይ ነው። ኢትዮጵያውያን ግን ሰፈሩን ዛሬም ጀፕ ነው የሚሉት። እዚያ አብዛኛው ነጋዴ ተከራይ ስለሆነ የጣሪያው ውሃ የባለ ሕንፃው ጉዳይ ነው። ቤት ሲገዛ ግን ከቁልፉ ጋር የውሃውም ዕዳ ይተላለፍለታል፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ነው።

ጆሃንስበርግ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። በዓመት የምታገኘው ዝናብ 700 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ በእጅጉ ያነሰ ነው ማለት ነው። ወቅቱም ይገለበጣል። ዝናቡ የሚጥለው ከኦክቶበር እስከ ማርች፣ በሀገር ቤት በጋ በሚሆንባቸው ወራት ነው። የአዘናነቡ ጠባይም ከክረምታችን ይለያል። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውላል፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው በደቡብ ወይም በምዕራብ በኩል ይቆለላል፤ ወደ አሥር ሰዓት ግድም ነጎድጓዱ ይጀምርና ብዙ ጊዜ በረዶ ቀላቅሎ ለአጭር ጊዜ ይወርዳል። የዓመቱ መጠን ትንሽ መሆኑ ሰውን ያዘናጋል። ቧንቧና ቦይ የሚፈተኑት ግን በዓመቱ ድምር አይደለም፤ በአንዲት ሰዓት በሚወርደው ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። በአንድ ሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጣሪያ 7,500 ሊትር ውሃ ያወርዳል። 500 ካሬ ሜትር የሆነው ግቢ ዙሪያውን በሲሚንቶና በንጣፍ ጡብ ከተሸፈነ መጠኑ 25,000 ሊትር ይደርሳል። በአንድ ተዳፋት ላይ የተደረደሩ አሥር እንዲህ ያሉ ግቢዎች ሩብ ሚሊዮን ሊትር ወደ አንድ መንገድ ይለቃሉ። ሣር በነበረበት ዘመን ከዚህ ውስጥ ደህና ድርሻው ወደ መሬት ይሰርግ ነበር፤ የቀረውም ቀስ ብሎ ይወርድ ነበር።

ከተማዋ የቆመችበት ምድርም ነገሩን ያከብደዋል። ጆሃንስበርግ በ1886 የተቆረቆረችው ለወርቅ ብሎ በመጣ ሰው ነው እንጂ ውሃ ፈልጎ በሰፈረ አይደለም። የዊትዋተርስራንድ ሸንተረር የውሃ መለያያ ነው፤ በስተ ሰሜን የሚወርደው በጁክስኬይና በክሮኮዳይል ወንዞች አድርጎ ወደ ሊምፖፖና ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይሄዳል፤ በስተ ደቡብ የሚወርደው በክሊፕና በቫል በኩል ኦሬንጅ ወንዝን ይዞ አትላንቲክ ይገባል። ጁክስኬይ የሚነሣው ከጀፕ በስተ ምሥራቅ፣ በኤሊስ ፓርክ ስታዲየም አካባቢ ነው። መነሻው ላይ ግን ወንዝ የሚታይ ነገር የለም፤ ውሃው ከአስፋልት ሥር በትልልቅ ቱቦ ተቀብሯል። ሎሬንትዝቪል ደርሶ ብቅ ይላል፤ ከዚያ በቤዝ ቫሊና በብሩማ በኩል አልፎ ወደ ሰሜን በመታጠፍ አሌክሳንድራን ያቋርጣል። በእነዚህ ሰፈሮች ከአንድ ጣሪያ የወረደ ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ወንዙ ውስጥ ነው።

ሕጉ ቤቱን የሚመለከተው ከላይ ወደ ታች ነው። የደቡብ አፍሪካ የሕንፃ ደንብ በየጣሪያው አሸንዳ ይኑር ብሎ አያስገድድም። የሚጠይቀው ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ መሠረቱን እንዳይሸረሽር፣ ከግድግዳ ሥር እንዳይጠራቀም፣ ወደ ቤት እንዳይገባ ማድረግን ነው። አሸንዳ ከሌለ፣ ውሃው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ከግድግዳው ወደ ውጭ የሚያዘነብል የሲሚንቶ ንጣፍ ወይም ቦይ ያስፈልጋል። አሸንዳ ካለ ደግሞ መጽዳት አለበት፤ ጆሃንስበርግ ላይ ይህ የራሱ ቀን ያለው ሥራ ነው። የጃካራንዳ ዛፎች ሐምራዊ አበባቸውን የሚያራግፉት በኦክቶበርና በኖቬምበር፣ ልክ የመጀመሪያዎቹ ኃይለኛ ዝናቦች ሲመጡ ነው። አበባው አሸንዳው ውስጥ ተኝቶ ውሃ ሲነካው ይላቁጣል፤ በላዩ በረዶ ሲከመርበት የመውረጃ ቱቦው አፍ ይዘጋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ በአሸንዳው የኋላ ከንፈር ተሻግሮ ወደ ኮርኒሱ ይገባል። ብዙ ቤቶች ላይ ጣሪያው አፈሰሰ የሚባለው ጉዳት መነሻው ይህ ነው፤ ቆርቆሮው ምንም አልሆነም። ከሴፕቴምበር መጨረሻ ጀምሮ መሰላል ማውጣትና በየሁለት ሳምንቱ መጥረግ ብዙ ራንድ ያድናል።

ከጣሪያው ቀጥሎ ግቢው ነው። ውሃው ከቤቱ ርቆ ወደ መንገድ እንዲያዘነብል መሬቱ መስተካከል አለበት። መንገዱ ከቤቱ በታች ለሆነለት ሰው ይህ ቀላል ነው፤ ከመውረጃው የሚመጣውን ውሃ በቦይ ሰብስቦ ከእግረኛ መንገዱ ሥር በቱቦ አሳልፎ መንገዱ ዳር መልቀቅ ነው። መንገዱ ከቤቱ በላይ የሆነበት ሰው ግን ውሃው ሽቅብ አይወጣለትም፤ በስተ ጓሮ ያለው የሌላ ሰው ግቢ ነው። የጆሃንስበርግ የውሃ ጭቅጭቅ አብዛኛው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከጀፕ በስተ ምሥራቅ ያለው ኬንሲንግተን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሰፈሩ ላንገርማን ኮፕ በሚባለው ድንጋያማ ኮረብታ ዙሪያ የተሰቀለ ነው፤ አፈሩ ስስ፣ ሥሩ አለት ነው፤ ግቢዎቹ እንደ እርከን አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረዋል። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ የላይኛው ቤት የመኪና መግቢያ ወራጅ ይሆናል። ውሃው የጓሮውን አጥር ሲደርስ ይቆማል። በአጥሩ ግርጌ ቀድሞ የተተዉት ቀዳዳዎች፣ ወይ ውሻ እንዳይሾልክ ወይ አይጥ እንዳይገባ ተብሎ ተደፍነዋል። ውሃው ጉልበት ያህል ይጠራቀማል። ለብቻው የቆመ አንድ ረድፍ ጡብ እንዲህ ያለ ግፊት እንዲሸከም አልተሠራምና ግንቡ ይንጋደዳል፤ ሲብስም ከነውሃው ወደ ታችኛው ግቢ ይወድቃል። በማግስቱ ሁለቱም ባለቤቶች ፍርስራሹ ላይ ቆመው ይካሰሳሉ፤ ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው።

ሕጉ የሚለው ይህን ነው። በታች ያለ ይዞታ በተፈጥሮው ከላይ የሚወርድለትን ውሃ የመቀበል ግዴታ አለበት። የላይኛው ደግሞ ያንን ውሃ አብዝቶ፣ አፍጥኖ ወይም በአንድ ነጥብ ሰብስቦ እንዳይለቅ ይከለከላል። የዚህ ሥር ጥንታዊ ነው። የሮም ሕግ ለዝናብ ውሃ ብቻ የቆመ የክስ ዓይነት ነበረው፤ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን በንጉሠ ነገሥት ዮስቲንያኖስ ትእዛዝ የተጠናቀረው የሕግ መድብል ራሱን የቻለ ርዕስ ሰጥቶታል። ሆላንዳውያን ይዘውት ወደ ኬፕ መጡ፤ ዛሬም በደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤቶች ይጠቀሳል። ችግሩ ሕጉ የተወለደው ለእርሻ መሬት መሆኑ ነው። ከተማ ውስጥ መሬቱ ተደልድሏል፣ ተሞልቷል፣ ተነጥፏል፤ ተፈጥሯዊ መውረጃው የት እንደነበር ማን ያውቃል? ስለዚህ የታችኛው ይቀበለኝ ብሎ የሚከራከር ሰው ውሃው ከግንባታ በፊትም በዚያው መንገድ ይወርድ እንደነበር ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ይህ ደግሞ የቀያሽ ካርታና የመሐንዲስ ምስክርነት የሚፈልግ ውድ ሥራ ነው።

ከዚህ ክርክር የሚያወጣ አንድ አንቀጽ በብዙ የጆሃንስበርግ ይዞታዎች ላይ አለ፤ ቤት የሚገዛ ሰው ሊያነበው የሚገባ ነው። በቀድሞው ትራንስቫል ዘመን ከተዘጋጁት የከተማ ፕላን መርሐ ግብሮችና የባለቤትነት ሰነዶች ጀምሮ ሲወርድ የመጣው ይህ አንቀጽ ሁለት ነገር ያስራል። የላይኛው ይዞታ ውሃውን በቀጥታ ወደ መንገድ ማስወጣት የማይችል መሆኑን አስተዳደሩ ካመነ፣ የታችኛው ባለቤት ውሃው በግቢው እንዲያልፍ የመፍቀድ ግዴታ አለበት። በምትኩ የታችኛው ባለቤት ውሃውን ለማሳለፍ ቱቦ ወይም ቦይ መዘርጋት ካስፈለገው፣ በላይ ያሉት ባለቤቶች በየድርሻቸው ወጪውን ይከፍላሉ። ፍትሐዊ አንቀጽ ነው። ውሃውን የላከው ሰው ለቧንቧው እንዲያዋጣ ማድረጉ ከማንኛውም የሞራል ስብከት በላይ ይሠራል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው መኖሩን ስለማያውቅ ለቱቦ ሊወጣ የሚችለው ገንዘብ ለጠበቃ ይወጣል።

በዚያው ሰነድ ላይ ሌላ የተለመደ ሐረግ ይገኛል፤ ከመንገድ ዳር ውጭ ባሉት ወሰኖች ላይ 2 ሜትር ስፋት ያለው መሬት ለፍሳሽና ለሌሎች የማዘጋጃ ቤት መስመሮች መተላለፊያ ተጠብቋል ይላል። በዚያ ላይ ቤት፣ ሰርቪስ ክፍል ወይም ሥሩ የሚሰድ ትልቅ ዛፍ አይፈቀድም። በጓሮ በኩል የሚከራይ ክፍል የመሥራት ፍላጎት በበረታባቸው ሰፈሮች ይህ ሐረግ በየቀኑ ይጣሳል፤ ቱቦው ሲፈነዳ ግን አስተዳደሩ በላዩ ያለውን ግንባታ የማስነሣት መብት አለው።

ወደ ከባዱ ስህተት ስንመጣ፣ ጆሃንስበርግ ሁለት የተለያዩ የፍሳሽ መረቦች አሏት። አንዱ ከመጸዳጃ ቤት፣ ከወጥ ቤትና ከሻወር የሚወጣውን ቆሻሻ ውሃ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ይወስዳል፤ ባለቤቱ ጆሃንስበርግ ወተር ነው። ሌላው የዝናብ ውሃን ሳያጣራ በቀጥታ ወደ ወንዝ ያደርሳል፤ የሚያስተዳድረው የጆሃንስበርግ የመንገዶች ኤጀንሲ፣ በተለምዶ ጄአርኤ የሚባለው ነው። ሁለቱን ማገናኘት በሁለቱም አቅጣጫ ሕገ ወጥ ነው። የሕንፃ ደንቡ «ፒ» ክፍል ማንም ሰው የዝናብ ውሃን ወደ ቆሻሻ ፍሳሽ መስመር እንዳያስገባ በግልጽ ይከለክላል።

ጥሰቱ የሚፈጸመው በጣም ቀላል በሆነ መንገድ ነው። በብዙ የቆዩ ቤቶች ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር የእቃ ማጠቢያው ውሃ የሚወርድበት ወንፊት ያለው ትንሽ ጉድጓድ አለ። የአሸንዳው መውረጃ አጠገቡ ስለሚሆን ቧንቧ ሠራተኛው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ቱቦ ጨምሮ ወደዚያው ያስገባዋል፤ ግቢው ደረቅ ይሆናል፤ ባለቤቱም ይደሰታል። የቆሻሻ መስመሩ ግን የተለካው ለሰው ቤት ፍሳሽ እንጂ በሰዓት ብዙ ሺህ ሊትር ለሚያወርድ ጣሪያ አይደለም። በአንድ መንገድ ላይ ጥቂት ቤቶች እንዲህ ካደረጉ ዝናብ በመጣ ቁጥር ቱቦው ይሞላል፤ ውሃው ዝቅ ባለው ቦታ ያለውን የማንሆል ክዳን ያነሣል። የሰገራ ውሃ የሚፈላበት ግቢ ጥፋቱን የሠራው ሰው ግቢ አይደለም፤ ከበታቹ ያለው ቤተሰብ ነው የሚቀምሰው። ከማንሆሉ የወጣው ደግሞ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ዝናብ ውሃው ቦይ ይገባል፤ ከዚያ ጁክስኬይ፣ ከዚያ ሀርትቢስፖርት ግድብ። ያ ግድብ በእንቦጭና በአረንጓዴ አልጌ መወረሩ የዓመታት ዜና ነው፤ ጣና ላይ የሆነውን ያየ ሰው አያስተምሩትም።

ኬፕ ታውን በ2010 ባወጣችው የውሃ ደንብ ቤት ሲሸጥ ስሙ ከመዛወሩ በፊት፣ የዝናብ ውሃ ወደ ቆሻሻ መስመሩ እንደማይገባ የሚያረጋግጥ የባለሙያ የምስክር ወረቀት እንዲቀርብ ታስገድዳለች። ጆሃንስበርግ እንዲህ ያለ ግዴታ የላትም። ቢኖራት ብዙ ማንሆል ይድን ነበር። ለጊዜው ገዢው ራሱ መመርመር ይችላል፤ አሸንዳው ላይ በባልዲ ውሃ አፍስሶ የት እንደሚወጣ መከተል በቂ ነው። በመንገዱ ዳር ካልታየና በወጥ ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ድምፁ ከተሰማ መልሱ ተገኝቷል።

አዲስ ቤት መሥራት ወይም ያለውን ማስፋት የሚፈልግ ሰው ለአስተዳደሩ የሚያቀርበው ፕላን የዝናብ ውሃው በየት እንደሚወጣ ማሳየት አለበት። አዋጁ ከ500 ካሬ ሜትር በታች ለሆነ ሕንፃ በ30 ቀን፣ ከዚያ በላይ ለሆነው በ60 ቀን ውሳኔ እንዲሰጥ ያዛል። በአጥር ግቢ ውስጥ ብዙ ቤቶች የሚሠሩ አልሚዎች ደግሞ ከግንባታው በኋላ የሚወጣው ውሃ ከበፊቱ በላይ እንዳይፈጥን ማቆያ ኩሬ ወይም የመሬት ውስጥ ታንከር እንዲያዘጋጁ ይጠየቃሉ። የብሔራዊ የውሃ አዋጅ ቁጥር 36 ከ1998 ጀምሮ አዲስ የመኖሪያ ሰፈር ፕላን በ100 ዓመት አንድ ጊዜ የሚጠበቀው ጎርፍ የሚደርስበትን መስመር እንዲያሳይ ያዛል። ከመስመሩ ውስጥ ቦታ የሚገዛ ሰው ምን እንደሚገዛ ከሰነዱ ማየት ይችላል።

አፓርታማ ወይም ኮምፕሌክስ ውስጥ ለገዛ ሰው ነገሩ ይለያል። ጣሪያው፣ አሸንዳውና የግቢው ቦይ የጋራ ንብረት ስለሆኑ ጥገናው የነዋሪዎቹ ማኅበር ግዴታ ነው፤ ማኅበሩ እምቢ ካለ ለጋራ መኖሪያዎች በ2011 በወጣው አዋጅ የተቋቋመው የእንባ ጠባቂ አገልግሎት አቤቱታ ይቀበላል። የጀፕ ፎቆች ከዚህም ይለያሉ። በአንድ ወቅት የሐኪም ክሊኒኮች የነበሩት ረጃጅም ሕንፃዎች ዛሬ ወለል በወለል በትንንሽ ሱቆች ተከፋፍለዋል። አናታቸው ዝርግ ኮንክሪት ነው፤ ውሃው የሚወርደው በጥቂት ቀዳዳዎች ብቻ ነው። አንዲት ፌስታል ቀዳዳው ላይ ከተለጠፈች አናቱ ኩሬ ይሆንና በስንጥቁ እየሰረገ ብርድ ልብስና መጋረጃ ላይ ይንጠባጠባል። እዚህ ላይ ተከራዩን የሚጠብቀው የኪራይ ውሉ ነው፤ ጣሪያውን የሚያስጠግነው ማን እንደሆነ፣ ለተበላሸ ዕቃም ማን እንደሚጠየቅ ከፊርማ በፊት መጻፍ ይኖርበታል።

ውሃውን ከማባረር ይልቅ ማቆየት ሕጋዊ ነው። የ1998ቱ የውሃ አዋጅ ከጣሪያ የሚወርድን ውሃ ለማጠራቀምና ለመጠቀም ፈቃድ እንዳያስፈልግ አድርጓል። በሀገር ቤት ሮቶ የሚባለው ዓይነት ታንከር እዚያ ጆጆ ይባላል፤ 2,500 ሊትር የሚይዘው በ150 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 17 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል ይሞላል። ለአትክልት፣ ለመኪና ማጠቢያና ለሽንት ቤት ይበቃል፤ የቧንቧ ውሃ በሚቋረጥባቸው ቀናትም ትልቅ እፎይታ ነው። ሁለት ጥንቃቄ ግን አለ። ታንከሩ ከከተማው የቧንቧ መስመር ጋር ከተገናኘ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ የሰፈሩን መስመር እንዳይበክል መከላከያ ቫልቭ ግድ ነው። ታንከሩ ሞልቶ ሲፈስም መውጫው እንደማንኛውም የዝናብ ውሃ በሕጉ መሠረት መመራት አለበት፤ የጎረቤት ግድግዳ ሥር የሚፈስ ጆጆ ከአሸንዳው የተሻለ ነገር አልሠራም።

ውሃውን ጠጠር በተሞላ ጉድጓድ ወደ መሬት ማስረግና ውሃ የሚያሳልፍ ንጣፍ መጠቀም የውሃ ምርምር ኮሚሽን በ2013 ባሳተመው መመሪያ የተመከሩ ዘዴዎች ናቸው። ይሁንና በደቡብ ጆሃንስበርግ፣ ለምሳሌ በሌናሲያ፣ ከመሬቱ ሥር ዶሎማይት የሚባል በውሃ የሚሟሟ ድንጋይ አለ። እዚያ ውሃን በአንድ ቦታ ማስረግ ከሥር ወዳለው ክፍት ዋሻ አፈር አስገብቶ መሬቱን ድንገት ሊያሰምጠው ይችላል። ስለዚህ በዶሎማይት ላይ ያለ ቤት ውሃውን ሁሉ በማያፈስ ቱቦ ከመሠረቱ ማራቅ አለበት፤ ለኬንሲንግተን የሚበጀው ምክር ለሌናሲያ አደጋ ነው።

ለገዢ የሚጠቅም አንድ ለውጥ በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2022 ሥራ ላይ ውሏል። ከዚያ ዕለት ጀምሮ የንብረት ደላሎች አዋጅ ሻጩ የሚያውቃቸውን ጉድለቶች በጽሑፍ እንዲገልጽና ቅጹ ከውሉ ጋር እንዲያያዝ ያስገድዳል። ቀድሞ «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ሐረግ ሻጩን ከብዙ ተጠያቂነት ይከልለው ነበር። በዝናብ ወራት ምድር ቤቱ እንደሚሞላ እያወቀ ቀለም ቀብቶ የሸጠ ሰው ዛሬ ማምለጫው ጠቧል። ቢሆንም ቤት በጁላይ፣ በደረቁ ወር፣ ሲታይ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ከግድግዳው ግርጌ ያለውን የእርጥበት መስመር፣ ከአጥሩ ሥር የተከማቸውን ደለል፣ አዲስ የተለሰነ ስንጥቅን መፈለግ ያስፈልጋል።

የአስተዳደሩም ድርሻ ትንሽ አይደለም። የመንገድ ዳር መግቢያዎችንና ከአስፋልት ሥር ያሉትን ቱቦዎች ማጽዳት የጄአርኤ ሥራ ነው። የብረት ክዳኖች ለቁራጭ ብረት ስለሚሰረቁ፣ ቆሻሻም ስለሚገባባቸው ሥራው ወደ ኋላ ይቀራል፤ በገበያ ሰፈሮች ካርቶንና ፕላስቲክ አንድ መግቢያ ለመዝጋት አንድ ከሰዓት አይፈጅባቸውም። በኖቬምበር 9 ቀን 2016 በሊንክስፊልድና በኤን 3 አውራ ጎዳና ላይ የወረደው ዝናብ መኪኖችን ጠርጎ ወሰደ፤ አሌክሳንድራ ውስጥ በጁክስኬይ ዳር የተሠሩ ቤቶችን አጥፍቶ የሰው ሕይወት ቀጠፈ። በዲሴምበር 3 ቀን 2022 ደግሞ በዚያው ወንዝ ለጥምቀት የገቡ ምእመናን ከላይ በመጣ ድንገተኛ ደራሽ ተወስደው ከአሥር በላይ ሞተዋል። ወንዙ እንዲህ በፍጥነት የሚሞላው ከላይ ያለው ከተማ በጣሪያ፣ በአስፋልትና በንጣፍ በመሸፈኑ ነው። በላይኛው ሰፈር የተነጠፈ እያንዳንዱ ግቢ ወጪው የሚከፈለው በወንዙ ዳር፣ ቦታ ባጡ ሰዎች ነው፤ ይህ ሊያሳፍረን የሚገባ ነገር ነው።

ጠብ ሲነሣ የሚሄድበት መንገድ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ዝናቡ እየጣለ ሳለ ውሃው ከየት ገብቶ የት እንደሚሄድ በቪዲዮ መቅረጽ ይገባል፤ ደረቅ ቀን የተነሣ ፎቶ ብዙ አያስረዳም። ቀጥሎ የባለቤትነት ሰነዱንና በአስተዳደሩ የጸደቀውን ፕላን ቅጂ ማውጣት፣ ከዚያ ለጎረቤት በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። ውሃው የሚመጣው ከመንገዱ ከሆነ አቤቱታው ለጄአርኤ ነው፤ ማንሆል ከፈላ ለጆሃንስበርግ ወተር፤ ጎረቤት ያለ ፕላን ገንብቶ ወይም ደንብ ጥሶ ከሆነ ለከተማው የሕንፃ ተቆጣጣሪ። በሁለት ባለይዞታዎች መካከል ብቻ ያለ ክርክር ውስጥ ግን አስተዳደሩ አይዳኝም። ያን ጊዜ የመሐንዲስ ሪፖርት ይዞ ፍርድ ቤት የማገጃ ትእዛዝና ካሳ መጠየቅ ይቀራል። የቤት መድን ያለው ሰውም ውሉን አስቀድሞ ያንብብ፤ አብዛኞቹ ውሎች የማዕበልን ጉዳት ሲሸፍኑ በጥገና ጉድለትና በስህተት ግንባታ ቀስ በቀስ የደረሰውን አይሸፍኑም፤ የተዘጋ አሸንዳም ከሁለተኛው ይቆጠራል።